የመድኃኒት ማዘዣ ቁጥጥር ለማንና እንዴት?

መድኃኒት እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ገበያ ወጥቶ ለከፈለ ሁሉ የሚሸጥ ዕቃ አለመሆኑን ሰፊው ሕዝብ ከኑሮው ያውቀዋል። ከመድኃኒቶችም መካከል ጽኑ ሕመምን የሚያስታግሱ፣ የተረበሸ አእምሮን የሚያረጋጉ፣ የሚጥል በሽታን የሚገቱ፣ ነገር ግን ያለ ቅጥ ሲወሰዱ ሱስ የሚያስይዙና ሕይወትን የሚያጠፉ አሉ። ሞርፊን፣ ፔቲዲን፣ ኮዴይን፣ ዲያዚፓምና ፊኖባርቢታል ከዚህ ወገን የሚመደቡ ናቸው። መንግሥታት እነዚህን መድኃኒቶች ከሌሎቹ ለይተው በልዩ ማዘዣ እንዲታዘዙ፣ በልዩ መዝገብ እንዲመዘገቡና ተቆልፎባቸው እንዲቀመጡ የሚያደርጉት በዚሁ ሁለት ገጽታቸው ምክንያት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ቁጥጥር ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚል አይደለም። ያ ጥያቄ መልስ ካገኘ ቆይቷል። የእኛ ጥያቄ ቁጥጥሩ ዓይኑን የሚያሳርፈው በምን ላይ ነው የሚለው ነው። በመድኃኒቱ ጉዞ ላይ ነው ወይስ በታመመው ሰው ላይ? ከዚህ ጥያቄ መልስ የሚወለደው ውጤት በሁለት መንገድ ሰው ሊያድን ወይም ሊጎዳ ይችላልና በቀበሌ ማኅበራት፣ በዕድሮችና በሠራተኛ ማኅበራት ውስጥ በሰፊው ልንወያይበት ይገባል።

ሕጉና አሠራሩ

አገራችን በዚህ መስክ ሕግ የሌላት አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1961 ስለ ናርኮቲክ መድኃኒቶች የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1965 ተቀብላለች። በ1971 ስለ ሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች የተደረገውን በ1980፣ ሕገ ወጥ ዝውውርን ለመከላከል በ1988 የተደረገውን ደግሞ በ1994 ተቀብላለች። በአገር ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1964 ከወጣው የፋርማሲ ደንብ ጀምሮ፣ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 176፣ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 661፣ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 በተከታታይ ወጥተዋል። ዛሬ ሥራውን በበላይነት የሚመራው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 525 እነዚህን ንጥረ ነገሮች በሕገ ወጥ መንገድ የሚያመርተውን፣ የሚያዘዋውረውንና የሚጠቀመውን ይቀጣል።

አሠራሩ ከላይ ወደ ታች የተያያዘ ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ አገር በዓመት የሚያስፈልገውን የናርኮቲክ መድኃኒት መጠን አስቀድሞ ገምቶ ቪየና ለሚገኘው ዓለም አቀፍ የናርኮቲክስ ቁጥጥር ቦርድ ያቀርባል። ከግምቱ ውጭ ማስገባት አይቻልም። መድኃኒቱ ድንበር ሲሻገር የላኪው አገርም የተቀባዩ አገርም ፈቃድ ያስፈልገዋል። አገር ውስጥ ከገባ በኋላ ከመጋዘን ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል መጋዘን ወደ መድኃኒት ክፍል፣ ከዚያም ወደ በሽተኛው እጅ ሲደርስ በየእርከኑ ፊርማና መዝገብ ይከተለዋል። የመጨረሻው የሰንሰለቱ ቀለበት የሐኪሙ ልዩ ማዘዣ ወረቀት ነው። በዚህ ወረቀት ላይ ያዘዘው ባለሙያ፣ የታዘዘለት በሽተኛና የመድኃኒቱ መጠን ይሰፍራሉ። ወረቀቱም በመድኃኒት ቤቱ ተይዞ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነጥብ መዘንጋት የለበትም። የ1961ዱ ስምምነት ገና በመግቢያው የናርኮቲክ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ የማይተኩ መሆናቸውን፣ ለዚሁ ዓላማም በበቂ መጠን መገኘት እንዳለባቸው ያውጃል። ስለሆነም ሕጉ ከመነሻው የተሸከመው ግዴታ ሁለት ነው፤ መድኃኒቱ አለአግባብ እንዳይወጣና ለሚያስፈልገው ሰው እንዳይጎድል። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚጥል ቁጥጥር የስምምነቱን ግማሽ ብቻ የፈጸመ ይሆናል።

እርስ በርሳቸው የማይተያዩ መዝገቦች

ይህ ሰንሰለት በወረቀት ላይ ጠንካራ ይምሰል እንጂ ሥራ ላይ ሲውል የት ቦታ እንደሚላላ ለማየት እንደ አዲስ ዓለም ያለች ከተማ ጥሩ ማሳያ ናት። አዲስ ዓለም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለመናገሻነት አስበው የቆረቆሯት፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በ55 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትገኝ የምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት። መናገሻነቷ ቢቀርም የመንገድ ከተማነቷ ጸንቷል። ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ የሚወጣው አውራ ጎዳና በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ያልፋል። እህሉም፣ ሸቀጡም፣ ሠራተኛውም፣ በሽተኛውም በዚሁ መንገድ ይመላለሳሉ። መድኃኒቱም እንደዚሁ።

አንድ በሱስ የተያዘ ሰው ወይም አንድ ነጋዴ የላከው ሰው ጠዋት ሆለታ፣ ቀትር ላይ አዲስ ዓለም፣ ማታ ጊንጪ ወይም አምቦ ላይ ሕመሙን እየነገረ ለየብቻው ማዘዣ አጻፈ እንበል። ሦስቱም ሐኪሞች ያዘዙት በቅንነት ነው። ሦስቱም የመድኃኒት ባለሙያዎች ማዘዣውን አይተው፣ መዝግበውና ፈርመው ሰጥተዋል። በአንዳቸውም መዝገብ ላይ ስሕተት አይገኝም። ሆኖም በቀኑ መጨረሻ ለአንድ ሕመም ከሚያስፈልገው ሦስት እጥፍ መድኃኒት ወጥቷል። ችግሩ የመዝገብ አለመኖር ሳይሆን መዝገቦቹ እርስ በርሳቸው አለመተያየታቸው ነው። በወረቀት የተሠራ ቁጥጥር በዓመቱ መጨረሻ ተደምሮ ሲታይ ያለፈውን ይናገራል እንጂ ዛሬ በመስኮቱ ፊት የቆመው ሰው ትናንት የት እንደነበረ አይናገርም።

ይህ ሲባል ግን የመድኃኒት ማፍሰሻው ዋናው ቀዳዳ በሽተኛው ነው ማለት አይደለም። ይህን ማለት ትልቁን ትቶ ትንሹን መያዝ ይሆናል። ያለ ደረሰኝ የሚንቀሳቀስ ካርቶን፣ ያለ ፈቃድ የሚሸጥ ሱቅ፣ በኮንትሮባንድ ድንበር የተሻገረ እሽግ፣ ያለ ማዘዣ በመስኮት የሚወጣ ክኒን በአንድ ቀን የሚያፈስሱት አንድ አታላይ በሽተኛ በወር ከሚያገኘው እጅግ ይበልጣል። ያለ ማዘዣ መሸጥ በአገራችን የቆየ ችግር መሆኑ የሚካድ አይደለም። በመሆኑም የማዘዣ ቁጥጥር ትርጉም የሚኖረው ከመጋዘን ቁጥጥር ጋር ሲጣመር ብቻ ነው። የገባው ከወጣው፣ የወጣው ከታዘዘው ጋር በየጊዜው ካልተመሳከረ ማዘዣውን ብቻ መቁጠር በሩን ከፍቶ መስኮቱን እንደ መዝጋት ነው።

ይህ ማመሳከር ከአቅማችን በላይ ያልሆነ ለመሆኑ ምሳሌው ከራሳችን ቤት አለ። ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተዛመተው፣ ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ሥርዓት የእያንዳንዱን መድኃኒት መጠንና ገንዘብ በደረሰኝና በመዝገብ እየተከታተለ ያወራርዳል። ሥርዓቱ የተመሠረተው ውድ በሆነ መሣሪያ ላይ ሳይሆን በሥራ ክፍፍልና በተጠያቂነት ላይ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበትና መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ይህ ትምህርት ቀላል አይደለም።

ሌሎች ምን ገጠማቸው?

በማዘዣ ክትትል ረገድ ረጅሙን መንገድ የሄደችው አሜሪካ ናት። የካሊፎርኒያ ግዛት ክትትሉን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1939 ሲሆን፣ ሐኪሞች ማዘዣውን በበርካታ ቅጂ ጽፈው አንዱን ቅጂ ለመንግሥት እንዲልኩ ይደረግ ነበር። ዛሬ ሁሉም ግዛቶች ማለት ይቻላል በኮምፒዩተር የሚሠራ የማዘዣ ክትትል አላቸው። የመጨረሻዋ ሚዙሪ ሕጉን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ሐኪሙ ከማዘዙ፣ ፋርማሲስቱም ከመስጠቱ በፊት በሽተኛው ከሌላ ቦታ ምን እንደወሰደ ያያሉ።

ነገር ግን ያን ያህል ክትትል ባለበት አገር ያን ያህል እልቂት ለምን ደረሰ? ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ኦክሲኮንቲን የተባለውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ለገበያ ሲያቀርብ ሱስ የማስያዝ አደጋውን እያሳነሰ አስተዋወቀ። በ2007 የኩባንያው አንድ አካል በሐሰተኛ ማስተዋወቅ ጥፋተኝነቱን አምኖ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። በ2020 ፐርዱ ፋርማ ራሱ በሌሎች ወንጀሎች ጥፋተኝነቱን አመነ። በእነዚያ ዓመታት መዝገቡ የበሽተኛውን ስም ሲጽፍ ትርፍ አሳዳጁ ኩባንያ ግን የሐኪሙን እጅ ከጀርባ ይገፋ ነበር። ኋላም ክትትሉ ሲጠብቅና የታዘዘው ክኒን ሲቀንስ፣ በሱስ የተያዘው ሕዝብ በቂ ሕክምና ስላልተዘጋጀለት ብዙው ወደ ሄሮይንና ወደ ፈንታኒል ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ከመጠን በላይ በተወሰደ መድኃኒትና ዕፅ ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ሌላም ምሳሌ አለ። የኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1989 እንደ ዲያዚፓም ያሉ ማረጋጊያዎች በሦስት ቅጂ ማዘዣ ካልሆነ እንዳይታዘዙ ደነገገች። የታዘዘው መጠን በፍጥነት ወረደ። ባለሥልጣናቱም በቁጥሩ መቀነስ ተደሰቱ። ሆኖም ሐኪሞች በምትኩ አሮጌና ይበልጥ አደገኛ የሆኑ ማደንዘዣዎችን ማዘዝ ጀመሩ፤ መድኃኒቱ በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው በሽተኞችም አብረው ተጎዱ። ቁጥር መቀነስ ብቻውን የድል ምልክት እንዳልሆነ ይህ በግልጽ ያሳያል።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ናይጄሪያ ኮዴይን ያለበትን የሳል ሽሮፕ ማምረትና ማስገባት እ.ኤ.አ. በ2018 ከልክላለች። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻ በግብፅና በምዕራብ አፍሪካ አገሮች የወጣቱን ጉልበት የሚበላ ችግር ሆኖ ታይቷል። ትራማዶል በዓለም አቀፍ ስምምነቶች ዝርዝር ውስጥ የማይገኝ በመሆኑ እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ይቆጣጠረዋል። ብዙውን የምታመርተው ሕንድ በራሷ የናርኮቲክ ሕግ ሥር ያዋለችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነበር። በእነዚህ አገሮች መድኃኒቱ የተስፋፋው በሐኪም ማዘዣ ብዛት ሳይሆን በሕገ ወጥ ንግድ ነው። የእኛም ሁኔታ ከአሜሪካ ይልቅ ለዚህኛው ይቀርባል።

የጎደለውን ማን ይቆጥራል?

እስካሁን የተናገርነው አለአግባብ ስለሚወጣው ነው። በአንፃሩ ደግሞ ሊወጣ ሲገባው ያልወጣ መድኃኒት አለ። ይህኛው ጉድለት በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ያልተጻፈ ማዘዣ አይቆጠርምና።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት እንደተገለጸው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚከፋፈለው፣ በሞርፊን ሲሰላ 298.5 ቶን ከሚሆነው የሕመም ማስታገሻ ውስጥ ለድሀ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። አንዱ ወገን በብዛቱ ሲሞት ሌላው ወገን በማጣቱ እያቃሰተ ይሞታል። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ውድ መድኃኒት አይደለም። ብዙ ጊዜ እንዳይደርስ የሚያደርገው ዋጋው ሳይሆን የአቅርቦት መጓደል፣ የሥልጠና ማነስና ፍርሃት ነው። ካንሰር አጥንቱ ውስጥ የገባበት ገበሬ ወይም ሠራተኛ በቤቱ ተኝቶ ሲጮህ፣ ባለሙያው ወረቀቱን ለመጻፍ እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቁጥጥሩ ዓላማውን ስቷል። በአዲስ አበባ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች ለዓመታት ሲያስተምሩ የኖሩት ይህንኑ ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበትንም ወገናችንን እናስብ። በገጠሩ ክፍል ለዚህ በሽታ በሰፊው የሚታዘዘው ርካሹ ፊኖባርቢታል እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ያለ ንጥረ ነገር ነው። ይህ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ በሽታው እንደገና ከመነሣት አልፎ ሳያቋርጥ እየተደጋገመ ሊገድል ይችላል። ምድጃ ፊት የተቀመጠችን እናት፣ ውኃ ሊቀዳ ወንዝ የወረደን ልጅ በአንድ የመውደቅ አፍታ ምን እንደሚያገኛቸው ለገጠር ሰው መንገር አያሻም። እንግዲህ ልዩ ማዘዣ ወረቀቱ ከጤና ጣቢያው ቢያልቅ፣ ወይም መንገድ ተዘግቶ በሽተኛው ወደ አምቦ መድረስ ቢያቅተው፣ በቁጥጥር ስም የተነፈገው መድኃኒት የሰው ሕይወት ሆነ ማለት ነው።

ቁጥጥሩ ምን ዓይነት ይሁን?

ከላይ ከተዘረዘሩት ሁኔታዎች በመነሣት ሊቆም የሚገባውን ቁጥጥር አራት መመዘኛዎች ለይተን ማስቀመጥ እንችላለን።

አንደኛ፣ መዝገቡ ሁለቱን ወገን ይቁጠር። በወሩ ውስጥ አለአግባብ የወጣው ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱም ሆነ ልዩ ማዘዣው ከመደርደሪያ ላይ የጠፋበት ቀን፣ ሳይታከም የተመለሰው በሽተኛም ይመዝገብ። ስንት ማዘዣ ቀነሰ ተብሎ እንደሚጠየቀው ሁሉ ስንት ሰው ከሕመሙ ዳነ ተብሎ ይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ መዝገቦቹ ይገናኙ። ኔትወርክ ባለበት በኮምፒዩተር፣ በሌለበትም በስልክና በየሳምንቱ በሚደረግ ማመሳከር የአንድ መንገድ ከተሞች ይተያዩ። ሆለታ ያለው ባለሙያ አዲስ ዓለም ላለው ባለሙያ ባዕድ ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛ፣ መዝገቡን የሚያይ ሰው ማንነት በሕግ የተወሰነ ይሁን። ሐኪሙና የመድኃኒት ባለሙያው ለሕክምና፣ ተቆጣጣሪው ለቁጥጥር፣ የፍትሕ አካል ደግሞ በሕግ አግባብ ብቻ ሊያዩት ይገባል። የጤና መረጃ የሰውየው ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለዚህ መሠረት ይሰጣል። በትንሽ ከተማ የአንድ ሰው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ስም ከመስኮቱ ካመለጠ እስከ ገበያው ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ምስጢሩ እንደማይጠበቅለት ያወቀ በሽተኛ ደግሞ ከጤና ጣቢያው ይሸሽና ከጥቁር ገበያው ጋር ይወዳጃል።

አራተኛ፣ በሱስ ለተያዘው ሰው የሕክምና በር ይከፈትለት። መዝገቡ ችግሩን ካሳየ በኋላ ባለሙያው በሽተኛውን ወዴት ይልከው? እንደ አማኑኤል ባሉ የአእምሮ ሆስፒታሎች የሚሰጠው ሕክምና ወደ ዞን ከተሞች ካልወረደ ክትትሉ ሰውየውን ከመስኮቱ ከማባረር በቀር የሚፈይደው የለም። ተባራሪው የት እንደሚሄድ የአሜሪካ ታሪክ ነግሮናል።

የማኅበራትና የሠራተኛው ድርሻ

ይህ ሁሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የቀበሌ ማኅበራትም ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ ድርሻቸው ወሰን አለው። ነቅቶ መጠበቅ ሲባል ጎረቤቴ ምን ይውጣል ብሎ ማነፍነፍ አይደለም። የማኅበሩ ዓይን በሱቁ መደርደሪያ ላይ፣ በገበያው ድንኳን ላይ፣ ያለ ፈቃድ መርፌና ክኒን በሚያድለው ላይ ይረፍ። የሰው ሕመም ግን የቤቱ ምስጢር ሆኖ ይከበር። የማዘዣ መዝገብ በማንኛውም ሰበብ ወደ ስብሰባ ጠረጴዛ መምጣት የለበትም።

በየቤቱ ደግሞ ሊሠራ የሚችል ብዙ ነገር አለ። አስታሞ የተረፈን ክኒን ለጎረቤት ማዋስ፣ ከሞተ ሰው ራስጌ የቀረን መድኃኒት ልጆች በሚደርሱበት ሣጥን መተው፣ ለእኔ የሠራ ለሱም ይሠራል ማለት የተለመዱ ስሕተቶች ናቸው። የተረፈውን ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ባለሙያ ማማከር ይቻላል። ዕድሮች ለቀባሪነት ብቻ ሳይሆን ለሕመምተኛ አስታማሚነትም የቆሙ ናቸውና፣ የሚጥል በሽታ ያለበት አባል መድኃኒቱ ሳይቋረጥ እንዲያመጣ የትራንስፖርት እጥረቱን ቢሸፍኑ አንድ ሕይወት አተረፉ ማለት ነው።

በሙገር ሲሚንቶ፣ በአምቦ ውኃ ፋብሪካ፣ በሆለታ የአበባ እርሻዎችና በከባድ መኪና መሪ ላይ ለሚውለው ሠራተኛም ጉዳዩ የራሱ ነው። ወገቡ የተቀጨ ሠራተኛ ዕረፍትና ሕክምና ሲያጣ ሕመሙን በክኒን አደንዝዞ ወደ ሥራው ይመለሳል። ክኒኑ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ ወገቡን አይጠግንም፤ የደነዘዘ እጅ ደግሞ በማሽን ፊት አደገኛ ነው። ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበራት የሥራ ደኅንነትን፣ የሕመም ፈቃድንና የሕክምና ሽፋንን በኅብረት ስምምነታቸው ውስጥ ሲያስከብሩ ሱስን ከምንጩ እየተከላከሉ መሆናቸውን ሊገነዘቡ ይገባል።

በአጠቃላይ የመድኃኒት ማዘዣ ቁጥጥር የሚመዘነው በቆለፈው ቁልፍ ብዛት አይደለም። የሚመዘነው ሕገ ወጡ ነጋዴ ሲከስር፣ ጻድቁ ባለሙያ ያለ ፍርሃት ሲያዝ፣ በሕመም የሚያቃስተው ወገን ደግሞ እፎይ ብሎ ሲያድር ነው። መድኃኒቱን እንከታተል፤ በሽተኛውን እንንከባከብ። ሁለቱ ሲምታቱ በቁጥጥር ስም የምንቀጣው የታመመውን ይሆናል፤ ሁለቱ ሲለዩ ግን ሕጉ ለሕዝብ የቆመ ሕግ ይሆናል።